ከምድጃው በፊት ነዳጁ፦ ለጉዞ የሚሆን ማብሰያ አመራረጥ

ለመንገድ የሚሆን ምድጃ የሚመረጠው በነዳጁ ነው። ምድጃው ምንም ቢያምር፣ ምንም ቢቀልል፣ የሚነድበት ነገር መንገድ ላይ ካልተገኘ ሸክም ከመሆን አያልፍም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ስሜን ተራሮች የሚጓዝ ሰው ከሰሉን ከመንገድ ዳር፣ ቤንዚኑን ከማደያ ይገዛል። ተጠምዝዞ የሚገጠመውን ትንሽ የጋዝ ጣሳ ግን ከከተማ ከወጣ በኋላ አገኘዋለሁ ብሎ መተማመን አይችልም። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለሚመጣ እንግዳ ችግሩ ይብሳል፤ ምድጃውን በሻንጣ ማምጣት ቢችልም የጋዝ ጣሳ በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ስለዚህ ጣሳው አዲስ አበባ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ ምድጃውን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

በመኪና ለሚጓዝ ቤተሰብ ከሁሉ የሚመቸው ባለ አንድ ራሱ፣ እንደ ትንሽ ሻንጣ የሚዘጋው ጠፍጣፋ የጋዝ ምድጃ ነው። ረጅሟ ጣሳ በጎኑ ትገባለች፤ ቁልፉ ሲዞር በራሱ ይለኮሳል። ወርዱ ሰፊ ስለሆነ ድስት ተደላድሎ ይቀመጥበታል፣ ወጥም ያለ ስጋት ይማሰልበታል። አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ከ10 እስከ 15 ግራም የሚሆን ጋዝ ይበቃል፤ ንፋስ ካለ ፍጆታው በእጅጉ ይጨምራል። በላንጋኖ ዳርቻም ሆነ በአዋሽ ሙቀት ይህ ምድጃ እንከን የለውም።

ደጋ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ነው፤ የሚነደው ሲተን ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጣሳው የሚይዘው ቡቴን በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። ተራራ ላይ የአየሩ ግፊት መሳሳቱ ትንሽ ቢያግዘውም ሌላ ችግር ይከተላል፦ ጋዙ በተነነ ቁጥር ከራሱ ጣሳ ሙቀት ይወስዳል። በስሜን ብርዳማ ማለዳ ጣሳውን በቅርበት ያየ ሰው መጀመሪያ ጤዛ፣ ቀጥሎ ስስ አመዳይ ሲለብስ፣ ሰማያዊው ነበልባልም እያጠረ ሲሄድ ይመለከታል። ጣሳውን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ማሳደር ወይም ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ማቆም ይረዳል፤ በእሳት ማሞቅ ግን ፍንዳታ መጋበዝ ነው። ምድጃው ጣሳው አናት ላይ የሚገጠም ከሆነም ዙሪያውን በንፋስ መከለያ ድፍን አድርጎ መጋረድ ጣሳውን ከመጠን በላይ ያግለዋል። ለብርድ የሚሻለው ፕሮፔን የተቀላቀለበት ጋዝ ነው፤ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል።

ተራራ ላይ ብዙ ሌሊት ለሚያድር ተጓዥ ፈሳሽ ነዳጅ ይበልጣል። ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት በ1892 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሠራው ፕሪመስ የተባለ ምድጃ ላምባን በፓምፕ ግፊት አትንኖ ያነድ ነበር፤ የዛሬዎቹ ቤንዚንም ላምባም የሚቀበሉ የጉዞ ምድጃዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ግፊቱን የሚሰጠው ፓምፑ ስለሆነ ብርድ አያሸንፋቸውም። በምትኩ ድካም አላቸው፤ ከመለኮሳቸው በፊት መሞቅ ይፈልጋሉ፣ ቀዳዳቸው በጥላሸት ይደፈናል፣ ጎሚኒያቸውም ይደርቃል። ለላምባ ብቻ በተሠራ ምድጃ ውስጥ ቤንዚን መጨመር በፍጹም የተከለከለ ነው፤ ቤንዚን ፈጥኖ ስለሚተን ምድጃውን ወደ እሳት ኳስ ይለውጠዋል።

ከሰል ርካሽ ነው፤ ለጥብስና ለቡና ደግሞ ተወዳዳሪ የለውም። ሙቀት የሚቆጥበው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው ላቀች ምድጃም መኪና ላይ በቀላሉ ይጫናል። ሆኖም ከሰል አለቀ ብሎ በስሜንና በባሌ ተራሮች እንጨት ቆርጦ ማንደድ ነውር ነው። እዚያ ያለው አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ አንድ ምሽት የሚያቃጥለውን ለመተካት ዓመታት ይፈጃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስንቁ ነው። ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ውኃ ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው፣ በስሜን ተራሮች በሚገኘው የጨነቅ ማደሪያ በ88 አካባቢ ይፈላል። ውኃው ቶሎ ፈላ ማለት ግን ምግቡ ቶሎ በሰለ ማለት አይደለም፤ ምስርና ባቄላ እዚያ ከፍታ ላይ ጋዝ ይጨርሳሉ እንጂ በቶሎ አይለሰልሱም። በመኪና የሚሄድ ሰው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ቢይዝ ችግሩ ይቃለላል። በእግር የሚሄደው ግን ስንቁን ቢለውጥ ይሻለዋል። ሽሮ ቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ ብዙ እሳት አይፈልግም፤ ድርቆሽ ትንሽ ትኩስ መረቅ ይበቃዋል፤ በሶ ደግሞ እሳት የሚባል ነገር አይጠይቅም። የአገሩ የስንቅ ባህል ይህን ከማንኛውም የካምፒንግ መጽሐፍ ቀድሞ አውቆታል።

ለድስት አሉሚኒየም ቀላልና ሙቀትን በደንብ የሚያዳርስ ነው። ታይታኒየም ይበልጥ ይቀልላል፤ ሙቀቱን ግን አንድ ቦታ ስለሚያከማች ሽሮ ያሳርራል። ክዳን የሌለው ድስት ነዳጅ ይበላል። ጀበና የሚወስድ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ክብ ቂጡ በሦስት ቀጫጭን እግሮች ላይ አይረጋም፣ ሸክላውም አንድ ነጥብ ላይ በሚያርፍ ነበልባል ሊሰነጠቅ ይችላል። የብረት ጀበና ወይም የከሰል ፍም ይሻለዋል።

ከመኪናው ባለ 12 ቮልት ሶኬት የሚሠሩ የውኃ ማፍያዎች ተስፋ የሚጣልባቸው አይደሉም። ሶኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዋት ብዙ አይዘልም፤ አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ወደ ውጭ ኃይል መስጠት የሚችሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የቤት ምድጃን እንኳን ያሠራሉ፤ ነገር ግን ለመመለሻው የሚበቃ ባትሪ መቅረቱ ቀድሞ ይሰላ።

የተመረጠው ምድጃ የትኛውም ይሁን፣ ከጉዞው በፊት ግቢ ውስጥ ተለኩሶ ይሞከር። በጉዞው ላይም የሚነደው ከድንኳንና ከመኪና ውጭ ብቻ ነው። ከሰልም ሆነ ጋዝ አየር ባጠረበት ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የሌሊቱ ብርድ ከበረታ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይያዝ፤ የከሰል ፍም ወደ ድንኳን አይግባ።