ወጣቱን ስለ ራሱ ደኅንነት ማማከር

በዕድራችን ድንኳን የሚተክለው፥ ወንበር የሚሸከመውና ውኃ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ነው፤ ደንቡ በሚመከርበት ስብሰባ ግን የሚቀመጡት አባወራዎችና እማወራዎች ናቸው። ይኸው ልማድ ወደ ቀበሌም ሲሻገር እናያለን። ስለ ወጣቱ ጤንነት፥ ስለ ሥራ ማጣቱ፥ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ይመከራል፤ ወጣቱ ግን የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ያለቀውን ውሳኔ እንዲሰማ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው መጠራትና መማከር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

በሕግ በኩል ነገሩ ብዙ አያከራክርም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀው፥ ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፥ ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን እንዲገልጽ፥ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ያዛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲም ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣት ብሎ ሰይሞ ተሳትፏቸውን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጓል።

የሚያከራክረው ተሳትፎ የሚባለው ምን እንደ ሆነ ነው። ሮጀር ሃርት የተባለ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. ዩኒሴፍ ባሳተመለት ጽሑፍ፥ ተሳትፎን 8 ደረጃ ባለው መሰላል መስሎታል። የታችኞቹ 3 ደረጃዎች ተሳትፎ አይባሉም፤ እነዚህም ወጣቱን የሌላ ሰው ዓላማ መሣሪያ ማድረግ፥ ለጌጥ ማቆምና ለይስሙላ ማስቀመጥ ናቸው። በ4ኛው ወጣቱ ምክንያቱ ተነግሮት ሥራ ይሰጠዋል፤ በ5ኛው ሐሳቡን ይጠየቃል፤ ከዚያ በላይ ግን ውሳኔውን ከታላላቆቹ ጋር ይካፈላል፥ ወይም ሐሳቡን ራሱ ያመነጫል።

አንድ ቀበሌ የወጣት ማእከል ሊያቋቁም አስቧል እንበል። ወጣቶቹ ለምርቃቱ ብቻ ቢጠሩ ጌጥ ናቸው። ቦታው ሳይመረጥ ቢጠየቁ ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ቀን የሚሠራው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት አይመቸውም፤ ልጃገረዲቱ ከመሸ በኋላ መብራት በሌለው መንገድ ማለፍ ትፈራለች፤ በጭንቀት የተያዘውም ጎረቤት በሚያየው በር ገብቶ ምክር መጠየቅ ያፍራል። እነዚህ ፍላጎቶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ መመካከር ያስፈለገውም ስለዚሁ ነው።

የወጣት ምክር መንግሥት ያፈርሳል የሚሉ ሰዎች ሮብዓምን ይጠቅሳሉ። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው ሮብዓም የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ፥ መንግሥቱም ተከፈለ። ነገር ግን እነዚያ ብላቴኖች በፊቱ የሚቆሙ ባለሟሎቹ እንጂ ቀንበሩ የከበደባቸው አልነበሩም። ጥፋቱ ቀንበሩን የተሸከመውን ሕዝብ አለመስማቱ ነው።

ስለዚህ እኛም ተማሪዎች ለወጣቱ ሁሉ አፈ ጉባኤ ነን ልንል አይገባንም። የቤት ሠራተኛይቱና ጫማ ጠራጊውም ከውሳኔው በፊት ይጠየቁ፤ ሐሳባቸው ባይወሰድ እንኳ ምክንያቱ ይነገራቸው። መልስ ያላገኘ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ አይገኝም።