የዜማ ጥቅም የመርሳት ሕመም ላደረባቸው አረጋውያን፤ በእብናትና በደብረ ታቦር አካባቢ

በእብናትና በደብረ ታቦር አካባቢ አንድ አረጋዊ የዛሬውን ቀን ሲስት፥ የልጁ ስም ሲጠፋው፥ ከቤት ወጥቶ መመለሻውን ሲያጣ «ጃጀ» ይባላል። ቃሉ የእርጅናን ነገር እንጂ የሕመምን ነገር አያመለክትም። ስለዚህም ቤተ ሰቡ የዕድሜ ዕዳ ነው ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ጠበል ይወስደዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው። እነርሱም ሕመሙ ምን እንደ ሆነ፥ ሌላው ትዝታ ሲጠፋ ዜማ ስለ ምን ሊቀር እንደሚችል፥ በአገራችን ያለውም የዜማ ሀብት ሕመምተኛውንና አስታማሚውን እንዴት ሊረዳ እንደሚችል ነው።

በሕክምና ቋንቋ ዲሜንሽያ የሚባለው የመርሳት ሕመም አንድ በሽታ አይደለም፤ ልዩ ልዩ በሽታዎች አንጎልን ሲጐዱ የሚታዩ ምልክቶች ስብስብ ነው። ከነዚህ በሽታዎች ዋነኛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ነው፤ ከጠቅላላውም ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከነዚህም ከ60 በመቶ የሚበልጡት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እንግዲህ የሀብታም አገር ጭንቅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን የረሳ ሰው ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ሕመም፥ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፥ የመንፈስ ጭንቀት፥ አንዳንድ መድኃኒትም ሰውን ሊያዘነጉ ይችላሉ፤ እነዚህም ብዙ ጊዜ ይታከማሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ማየት ይገባል።

በአልዛይመር በሽታ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጐዳው አዲስ ነገርን የሚመዘግበው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ሕመምተኛው ጧት የበላውን ረስቶ የልጅነቱን የሚያወራው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ብሬን በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ዜማን የሚያስታውሱት የአንጎል ክፍሎች በዚህ በሽታ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙም ሳይጐዱ ይቈያሉ። ከዚህም ጋር ዜማ በሐሳብ ብቻ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ትንፋሽ፥ እጅ፥ እግርና ትከሻ አብረው የተማሩት ነው። ስለዚህ ቃል ሲጠፋ ምቱ፥ ምቱ ሲነሣም ቃሉ ተከትሎት ሊመጣ ይችላል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው። ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት፥ ደብረ ታቦር በአቋቋም የታወቁ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ዜማውን የሚማረው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፥ ቀንና ሌሊት እየደጋገመ፥ ለብዙ ዓመታት ነው፤ አቋቋሙንም ከመቋሚያው፥ ከጸናጽሉና ከከበሮው ጋር ያጠናዋል። እንዲህ በድምፅና በአካል የተቀረጸ ትምህርት በአንድ ጊዜ አይፋቅም። ነገሩ ግን የደብተራ ብቻ አይደለም። እናት በወፍጮ ላይ ያንጐራጐረችው፥ ሕፃን ያባበለችበት እሹሩሩ፥ የሰርግ ዘፈን፥ ገበሬው በአጨዳና በውቂያ ያዜመው፥ ልጆች በነሐሴ 13 የቡሄ ዕለት የሚጨፍሩት ሆያ ሆዬ፥ ሁሉም በዚሁ መንገድ የተማሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚያጣላ ነገር አለ። የልጁን ስም ያጣ አባት አንድ ሙሉ መዝሙር ሳያዛንፍ ሲያዜም ቤተ ሰቡ «ሲፈልግ ያውቃል፤ እኛን ሊያስቸግር ነው እንጂ» ይላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ስምን የሚያስታውሰውና ዜማን የሚያስታውሰው የአንጎል ሥራ አንድ ስላልሆነ፥ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሊቀር ይችላል። ይህን ያልተረዳ አስታማሚ ይቈጣል፤ ሕመምተኛውም የቍጣው ምክንያት ሳይገባው ቍጣው ብቻ ይሰማዋል።

ጥቅሙን ስንናገር ወሰኑንም መናገር ይገባናል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. 22 ጥናቶችን አገናዝቦ እንደ ገለጸው፥ ቢያንስ አምስት ጊዜ በዜማ የተረዱ ሕመምተኞች የመንፈስ ጭንቀታቸው እንደሚቀንስና ጠባያቸውም በጠቅላላው እንደሚሻሻል ይገመታል። የማስተዋል ችሎታን በመመለስ ረገድ ግን የታየው ለውጥ ጥቂት ነው ወይም የለም። ዜማ መድኃኒት አይደለም፤ ሕመሙንም አያቆምም። የሚሰጠው የጥቂት ደቂቃ ዕረፍትና ከሰው ጋር መገናኘት ነው። ቀኑን ሙሉ ስትመገብና ስታጥብ ለምትውል ምራት ወይም ልጅ ግን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አጠቃቀሙም እንዲህ ነው። አስቀድሞ ጆሮው የሚሰማ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዜማው የሕመምተኛው የራሱ ይሁን፤ ይልቁንም ከዐሥርና ከሠላሳ ዓመት ዕድሜው መካከል የሰማው ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው አጥብቆ የሚያስታውሰው የዚያን ዘመን ነውና። ከድምፅ ማጉያ ይልቅ በቅርብ የተቀመጠ ሰው በዝግታ ቢያዜም ይሻላል፤ ጩኸት ያስደነግጣል። ገላውን ከማጠብ በፊት፥ እንዲሁም ብዙ ሕመምተኞች የሚታወኩበት ሰዓት ሲመሽ ስለ ሆነ በዚያን ጊዜ ቢሆን ይረዳል። የጀመረውን እንዲጨርስ መጠበቅ እንጂ ሲሳሳት ማረም አይገባም።

የሚያዜመው ሰው ፊቱን እያየ መሆን አለበት፤ ዜማ ደስታን ብቻ ሳይሆን ኀዘንንም ይቀሰቅሳልና። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን በእብናት የእርዳታ ጣቢያ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ተጠልሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በግድ እንዲበተን ተደርጓል። ያን ጊዜ ጐልማሳ የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። ለእንዲህ ያሉት ሙሾ የሚመስል እንጉርጉሮ የተቀበረ ኀዘን ሊያወጣባቸው ይችላል፤ ሽለላና ቀረርቶም ጦርነት ያየውን ሰው ሊያሸብር ይችላል። ሕመምተኛው ከታወከ ዜማውን ማቆምና እጁን ይዞ አብሮት መቀመጥ ይበቃል። የአገሩም ሥርዓት ይጠበቅ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ስለሚሉ፥ ያን ጊዜ ለምእመን የሚስማማው በገና ወይም ለስላሳ መዝሙር ነው።

አንድ ችግር ይቀራል። ዛሬ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የእብናት ሰዎች ወጣት በነበሩ ጊዜ በገጠር ቤት ሬዲዮ ብርቅ ነበረ። ስለዚህ ብዙው ዜማቸው በሸክላም በካሴትም አልተቀረጸም፤ ያለው በእኩዮቻቸው አፍ ነው፤ እኩያ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ታዲያ ለእያንዳንዱ አረጋዊ፥ አእምሮው ገና ደኅና ሳለ፥ በልጅነቱ ምን እንዳዜመ፥ በሰርጉ ምን እንደ ተዘፈነለት፥ የትኛውንም መስማት እንደማይወድ ተጠይቆ ቢጻፍና ድምፁ በስልክ ቢቀረጽ፥ ኋላ ሕመም ቢመጣበት አስታማሚው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዕረፍት ጊዜ ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ በአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ሊጀምረው ይችላል።