ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጩኸት

ባለትዳሮች፣ ልብ ወለድ ታነባላችሁ? “ጊዜ ማባከን ነው” የሚሉ ወገኖች አሉ። ሆኖም ጌታችን ራሱ በምሳሌ አስተምሯል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የሚገኘውን የዘሪውን ምሳሌ ለልብ ወለዷ ርዕስ ያደረገች አንዲት ደራሲ ለወላጆች የሚሆን ከባድ ጥያቄ ትታልናለች።

ኦክታቪያ በትለር ትባላለች። ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ተወለደች። ያሳደገቻት በሰው ቤት እየሠራች የምትተዳደር ባፕቲስት እናቷ ነበረች። “የዘሪው ምሳሌ” እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ፤ ታሪኩ ግን የሚጀምረው በ2024 ነው። በዚያ ታሪክ የአየር ንብረቱ ተዛብቶ ዝናብ ለዓመታት ጠፍቷል። ውኃ ከቤንዚን ይወደዳል። ፖሊስ ወንጀል ለመመርመር ገንዘብ ይጠይቃል። ሥራ ያጣው ሰው ለምግብና ለመጠለያ ብሎ ኩባንያ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ከዕዳ መውጣት ያቅተዋል። ድርቁ በሁሉም ላይ ቢመጣም ጥሙ የሚበረታው በድሃው ላይ ነው።

ባለ ታሪኳ ሎረን የ15 ዓመት ልጅ ናት። አባቷ የባፕቲስት ሰባኪ ነው። በግንብ በታጠረ ሰፈር ይኖራሉ፤ ከግንቡ ውጭ ቤት የሌላቸውና የተራቡ ሰዎች አሉ። ሎረን የሌላውን ሕመም ስታይ በገዛ ሰውነቷ ይሰማታል። “ይህ ግንብ አያድነንም፤ እንዘጋጅ” ብላ ለጓደኛዋ ትነግራታለች። ነገሩ አባቷ ጆሮ ሲደርስ ሰው እንዳታስፈራራ ይገሥጻታል። ደግ አባት ነው፤ አደጋውንም ያውቃል። ሆኖም ልጁ ለእርሱ ብላ ስትጠመቅ እምነቱ ከልቧ እንደወጣ አላወቀም። የምታስበውን በማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ ትደብቃለች፤ በዚያም የራሷን ሃይማኖት ትጽፋለች። ያንን ትምህርት አንቀበለውም። ግን ዘሩ በገዛ ቤቱ ሥር ሳይሰድ የቀረበት ሰባኪ ታሪክ ሊያሳስበን አይገባም?

በ2027 ግንቡ ይፈርሳል፤ ሰፈሩም ይቃጠላል። ሎረን በእግሯ ወደ ሰሜን ስትሄድ በመንገድ ያገኘቻቸውን ተስፋ የቆረጡ ሰዎች እያሰባሰበች ትጓዛለች።

በትለር እ.ኤ.አ. በ2006 አረፈች፤ የተቀበረችውም ከፓሳዴና አጠገብ ባለችው አልታዲና ነው። በጥር 2025 በዚያች ከተማ በተነሣው እሳት በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ወደሙ። በዘር መድልዎ ምክንያት ሌላ ቦታ ቤት መግዛት ያልቻሉ ጥቁር ቤተሰቦች ቀደም ሲል ጎጆ የቀለሱባት ከተማ ነበረች። ደራሲዋ ነቢይት አልነበረችም፤ በዘመኗ የሚሆነውን ግን በጥንቃቄ ትመለከት ነበር።

መጽሐፉ ጭካኔ የበዛበት ስለሆነ ለልጆች አይሆንም። እናንተ ግን ሁለታችሁ አብራችሁ አንብቡትና ተወያዩበት። ከዚያም ልጃችሁን “ስለሚመጣው ዘመን የሚያስፈራህ ምንድን ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። ለመገሠጽ ወይም ጥቅስ ለመጥቀስ ሳትቸኩሉ እስኪጨርስ አድምጡት።

በመጨረሻም ወደ ገዛ ግቢያችሁ ተመልከቱ። ቧንቧው ሲደርቅ ጀሪካን ተሸክማ ወረፋ የምትጠብቀው ማን ናት? የእርሷስ ድካም ይሰማችኋል? ዛሬ ማታ ስትጸልዩ ስሟን ጥሩ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ጀሪካኑን አግዟት።