«ሠዓሊ ቢሆንም»

ሐሙሲት ባለው የወላጆቼ ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ከቦታዋ ያልተነሣች አንዲት ሥዕለ ማርያም አለች። በወረቀት የታተመች ናት። ጠርዟ በዕጣን ጢስ ጠቁሯል፤ ነጭ መጋረጃዋ የሚገለጠውም ለጸሎት ብቻ ነው። ባለፈው ፋሲካ ከአዲስ አበባ ለበዓል ስሄድ የታላቅ ወንድሜን ልጅ ከሥዕሏ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ በእርሳስ ሲስላት አገኘሁት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ምሳ ላይ «ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን ልታጠና አሰብህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሥዕል» አለኝ።

ዶሮ ወጡ እየቀረበ ስለነበር ነገሩ በሳቅ አለፈ። ማታ ግን ወንድሜ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «አንቺ ቢዝነስ ያጠናሽ ነሽ፤ ምከሪው እንጂ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ጠባዩም ሸጋ ነው፤ ሥዕል ሥዕል ቢልም...» አለኝና ሳይጨርሰው ተወው። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። አዲስ አበባ ተመልሼ ማንበብ ስጀምር፣ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በዚሁ አገር ስለኖረ አንድ ሠዓሊ በተጻፈ ምስክርነት ውስጥ የእሷን እህት ቃል አገኘኋት።

ሰውየው ኒኮሎ ብራንካሊዮን ይባላል፤ የቬኒስ ሰው ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1480 አካባቢ፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን ነው። እስክንድር አረፈ፤ ለጥቂት ወራት ብቻ የነገሠውን ሕፃን ልጁን ሳንቆጥር ዐፄ ናዖድ ተተካ፤ ከናዖድም በኋላ ዐፄ ልብነ ድንግል ነገሠ። ሠዓሊው ግን እዚሁ ነበር። አገሬው መርቆሬዎስ የሚል ስም ሰጠው። ነገሥታት ሲለዋወጡ በቤተ መንግሥት ቦታውን ይዞ መኖር ዛሬም ቢሆን ቀላል ችሎታ አይደለም፤ አለቃ ሲቀየር ሥራ የለቀቀ ሁሉ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኞች በምጽዋ በኩል ገብተው ወደ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲደርሱ አብሯቸው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ተቀምጦ ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ታተመ። ካገኛቸው ሰዎች አንዱ ይኸው ቬኒሳዊ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሩ እንደኖረ፣ ቋንቋውን አጥርቶ እንደሚያውቅ፣ ሀብታም እንደሆነና በሥሩ የሚያስተዳድራቸው ሰዎች እንዳሉት ይናገራል። የተከበረ ሰው፣ ትልቅ ጨዋ መሆኑንም ይመሰክርለታል። ከዚያ በኋላ ነው ያቺን ነገር ጣል ያደረጋት፤ ሠዓሊ ቢሆንም።

ቄሱን አልፈርድበትም። በእሱ አገር ሠዓሊ ከአናጢና ከቀጥቃጭ ተራ የሚቆጠር የእጅ ሠራተኛ ነበር። በጣሊያን ከተሞች ይህ አስተያየት መለወጥ ቢጀምርም ወሬው ገና በሁሉም ዘንድ አልደረሰም። በእኛ አገር ደግሞ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ሲናቁ፣ ሥዕል ከዚያ ንቀት ያመለጠው የካህናትና የመነኮሳት ሥራ ስለነበር ይመስለኛል። ብራንካሊዮን ቬኒስ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ከብዙዎች አንዱ ሆኖ በኪራይ ቤት ይኖር ነበር።

በዚያው ዘመን ቬኒስ ሌላም ሠዓሊ ወደ ባዕድ ቤተ መንግሥት ልካለች። ጀንቲሌ ቤሊኒ በ1479 ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዶ የቱርኩን ሱልጣን መሐመድ ሁለተኛን ሣለ። ምስሉ ዛሬ ለንደን ውስጥ አለ፤ ሱልጣኑ ጥምጥሙን እንደጠመጠመ በጎን ይታያል። ቤሊኒ ብዙ ሳይቆይ ስጦታውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ብራንካሊዮን ግን እነሆ እዚህ አረጀ። በዘመኑ የእኛ ነገሥታት ባለሙያ የውጭ ሰው ከመጣላቸው መሸኘት አይወዱም ነበር። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ፣ እንዳይወጣ ተከልክሎ ቀርቷል። ስለዚህ የሠዓሊውን ርስት ስናደንቅ የአገሩን ናፍቆትም አብረን ማሰብ ሳይኖርብን አይቀርም።

ታዲያ ሦስት ነገሥታትን ያገለገለ ሠዓሊ የትኛውን ንጉሥ ሣለ? እዚህ ላይ ነው የእኛና የአውሮፓ ቤተ መንግሥት የሚለያዩት። እጃችን ላይ የደረሱት ሥራዎቹ ቅዱሳት ሥዕላት ናቸው፤ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ስቅለቱ፣ ቅዱሳኑ። የልብነ ድንግልን መልክ በሥዕል ማየት የፈለገ ሰው ጣሊያን፣ ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም መሄድ አለበት። ያንን የሣለው ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ ደግሞ ንጉሡን ዓይቶት አያውቅም፤ ከሌላ ሥዕል ነው የገለበጠው። በእኛ ቤተ መንግሥት ፊቷ የሚሣለው ንግሥት ማርያም ነበረች።

ምክንያቱ ከብራንካሊዮን መምጣት በፊት ይጀምራል። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ፣ ከሩዙ ማሳ ባሻገር፣ ጣና ላይ ደጋ እስጢፋኖስ የሚባለው ገዳም አለ። ሴት አይገባበትም፤ እኔም ከፎቶግራፍ በቀር አላየሁትም። እዚያ በትልቅ ጣውላ ላይ የተሣለች እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ሚካኤልና ገብርኤል በግራ በቀኝ ቆመውላታል። ሠዓሊው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሣላት ጽፎ፣ ራሱን ኃጥኡ ፍሬ ጽዮን ብሎ ፈርሟል። ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 የነገሠ ነው። የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምሯም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዘው እሱ ነው። በዓሉ ሲበዛ ሥዕሉም ተፈለገ። የንጉሡ ዐፅም ራሱ ያረፈው እዚያው ደጋ ላይ፣ ሥዕሏ ካለችበት ገዳም ነው። ብራንካሊዮን ሲመጣ የጠበቀው እንግዲህ ሥዕል የተራበ አገር እንጂ ሥዕል የማያውቅ አገር አይደለም።

የዚያ ዘመን ሠዓሊ ሥራውን የሚጀምረው ከእንጨት ነው። ወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ተጠርቦ ይለሰልሳል፤ ነጭ ልስን በላዩ ይቀባል፤ ከዚያ በሙጫ የተለወሰ ቀለም ይከተላል። ብራንካሊዮን እንደ ፍሬ ጽዮን ኃጢአቱን አልጻፈም። በጎጃም ዋፋ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በተገኘ ሥዕል ላይ ቬኒሳዊው ኒኮላውስ ብራንካሊዮን መሆኑን በላቲን ፊደል አስፍሯል፤ ያውም ላቲን የሚያነብ ሰው በጣት በሚቆጠርበት አገር። ለማን ብሎ ነው የፈረመው? በእኔ ሙያ ይህ ደንበኛው በማያነበው ቋንቋ ማስታወቂያ እንደ መስቀል ነው። ግን ደግሞ ያቺ ፊርማ ባትኖር ዛሬ በስሙ ባልጠራነው ነበር። አጥኚዎች ከእሷ ተነሥተው፣ የእጁን አጣጣል ለይተው፣ ሌሎች ሥራዎቹን አግኝተዋል። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ከሱ እጅ ናቸው የሚባሉ አሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ አትቆጩም።

ስለ ሠዓሊው የሚነገረው ትልቁ ጠብ የተጻፈው በስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በዚያው ዓመት በእኛው በደራ አገር አልፎ ወደ ጢስ ዓባይ የወረደ ሰው ነው። እሱ እንደሚለው ብራንካሊዮን አትሮንሰ ማርያም በተባለች ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ይዛ ይሥላታል። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ግራ እጅ ያነሰ ነውና እንዴት ጌታ በግራ ይያዛል ተባለ። ሥዕሉን ከመጥፋት ያዳነው የንጉሡ ውዴታ ነው ይላል። ብሩስ ይህን የጻፈው ነገሩ ተፈጸመ ከተባለ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና እኔ በጥንቃቄ ነው የምወስደው።

የሚያስገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብራንካሊዮን ካለፈ በኋላ ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በሮም ሳንታ ማርያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን ሥዕለ ማርያም ቅጂ ይዘው ወደ ጣና ዳርቻ መጡ። እሷም ልጇን የያዘችው በግራ ክንዷ ነው፤ እጆቿ ተደራርበው፣ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተዘርግተው፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች። ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን ተቀበለ፤ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ ልጁ ዐፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ ሚስዮናውያኑን አባረረ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ሥዕሏ ግን ቀረች። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ተቀብለው በእኛ ዓይን፣ በእኛ ልብስ፣ በእኛ ጥልፍ ደጋግመው ሣሏት። ዛሬ ምስለ ፍቁር ወልዳ ብለን ፊቷ የምንሰግድላት ናት።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና «ጥሩ፤ ታዲያ ርስት የሚሰጠው ንጉሥ የታለ?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ማስታወቂያ ድርጅት፣ ማተሚያ ቤት፣ አኒሜሽን እያልኩ የማውቃቸውን ሥራዎች ቆጠርኩለት፤ ግማሹን ራሴም አላመንኩበትም። የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ፈተናውን በደንብ ይፈተን፣ እኔ በበኩሌ አዲስ አበባ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምን እንደሚጠይቅ ሄጄ አጣራለሁ። እስከዚያው ማንም «ቢሆንም» እንዳይለው ተባብለናል።

ከዚያ ስልኩን እናቴ ተቀበለች። «እማዬ፣ እስኪ ሥዕሏን እዪልኝ፤ ልጇን በየትኛው እጇ ነው የያዘችው?» አልኳት። መሄድ እንኳ አላስፈለጋትም።

«በግራዋ ነዋ።»

በግራ መያዙ ያኔ ሰዉን እንዳስቆጣ አጫወትኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና በልጅነቴ የጠፋብኝን የቤት ሥራ እንደምታሳየኝ ዓይነት በቀስታ መለሰችልኝ።

«በግራዋ ካልያዘችው እንዴት በቀኙ ትሆናለች?»