ሁለቱ ጎማዎች እንዲስማሙ

አንባቢ ሆይ፤ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ከመቀጠልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ብናቀርብልዎ አይቀየሙን። ለመጨረሻ ጊዜ ጎማ ገዝተው ያስለወጡት ለየትኛው መንኰራኵር ነበር? ከነጂዎች አብዛኞቹ «ለኋለኛው ነው» ብለው እንደሚመልሱ አንጠራጠርም። የኋለኛው ጎማ ኀይሉን ከሞተሩ ተቀብሎ መሬቱን እየገፋ፤ የተፈናጠጠውን ሰውና የታሰረውን ጭነት እየተሸከመ ስለሚሄድ ቶሎ ይበላል። ብዙ ጊዜ አንድ የፊት ጎማ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት የኋላ ጎማ ይለወጣል። ባለቤቱም ያለቀውን እያየ ገንዘቡን በኋላ በኩል ያፈሳል። ፊተኛው ግን ጥርሱ ቶሎ ስለማይጠፋ «እሱ ገና ነው» እየተባለ ከዓመት ዓመት ይሸጋገራል።

ዳሩ ግን ነጂውን ከመውደቅ ይበልጡን የሚጠብቀው ያ የተረሳው የፊት ጎማ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው የሰው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። በፊተኛው መዳፍ ላይ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ተጭነዋል፤ ይኸውም መታጠፍና መቆም ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩና የነጂው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የኋለኛው እግር ይቀልላል፤ የፊተኛው ይከብዳል። ስለዚህ ከማቆሙ ኀይል እጅግ የሚበልጠው የሚገኘው ከፊት ነው። ደግሞም የኋላው ጎማ ቢንሸራተት ነጂው በወንበሩ ላይ እንዳለ ይሰማዋል፤ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ፤ ሚዛኑን ጠብቆ ሊያድነው ይችላል። የፊቱ ሲንሸራተት ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ብዙው ነጂ መንሸራተቱን የሚያውቀው መሬት ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው።

እንግዲህ ገበያ ሲወጡ «የትኛው ጎማ ይሻላል?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ጎማ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጎማ ሻጮች ወዳጆቻችን አይቀየሙን እንጂ፤ ይህን ጥያቄ ራሳቸው አንሥተው ገዢውን የሚመክሩ ብዙዎች አይደሉም።

የፊትና የኋላ ጎማ መለየት የቆየ ጥበብ ነው። ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ በስሙ ያስመዘገበው በ1888 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሲሆን፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ሞተር ብስክሌቶች ላይ የተለመደው የሚከተለው ነበር። የፊተኛው ጎማ በዙሪያው የሚሄዱ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጡበታል፤ መስመሮቹ ወደ ጎን መንሸራተትን ስለሚከለክሉ ለመሪ ይመቻሉ። የኋለኛው ደግሞ እንደ ድንጋይ ንጣፍ የተከፋፈሉ ጥርሶች ነበሩት፤ እነዚህ መሬቱን ቆንጥጠው ይገፋሉ። በ1969 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ማልኮም አፕሂል የተባለው ነጂ በማን ደሴት ውድድር በትራያምፍ ቦነቪል ሞተር አንዱን ዙር በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል፤ ማለት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ሲፈጽም፤ የተጠቀመበት የደንሎፕ ጎማ «ቲቲ 100» የሚል ስም ወጣለት። ይህ ጎማ በአንድ ዓይነት ጥርስ ለፊትም ለኋላም ይገጠም ነበር፤ ልኩ ግን ለየብቻ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ራዲያል የተባለው አሠራር ወደ ሞተር ብስክሌት ሲገባ ፋብሪካዎች ፊተኛውንና ኋለኛውን እንደ ባልና ሚስት አንድ ላይ እያሰቡ ማውጣት አበዙ።

አሁን ወደ ጎማው ጎን እንመለስና ጽሕፈቱን እናንብብ። በአገራችን ከተማና ገጠር በብዛት የሚታየውን የህንዱን ቦክሰር 150 ለምሳሌ ብንወስድ፤ በአብዛኛው ፊቱ 2.75-17፤ ኋላው 3.00-17 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች፤ የሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ የዙሪያው ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች መሆኑን ያመለክታል። ለፒስታ መንገድና ለአቀበት የተሠሩት ረዣዥሞቹ ሞተሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊታቸው 2.75-21፤ ኋላቸው 4.10-18 ነው፤ ትልቁ ቀጭን የፊት እግር ድንጋዩንና ጉድጓዱን እየተሻገረ እንዲያልፍ ታስቦ የተሠራ ነው። በሁለቱም ዓይነት የፊቱ ከኋላው ቀጭን መሆኑን ልብ ይሏል። ቀጭኑና ጫፉ ሾጠጥ ያለው በቀላሉ ይታጠፋል፤ ሰፊው ሸክም ይችላል።

ከልኩ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ የላቲን ፊደል ይገኛል። ቁጥሩ የሸክም መጠን ነው፤ 41 ማለት ጎማው እስከ 145 ኪሎ፤ 50 ማለት እስከ 190 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ፊደሉ የፍጥነት ወሰን ሲሆን፤ ፒ የሚለው በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል። ፍጥነቱ እንኳ ለኛ መንገድ ይተርፋል። የሚያሳስበው ሸክሙ ነው፤ በአንድ ሞተር ላይ ነጂውን ጨምሮ ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ሲወጣ፤ በኋለኛው እግር ላይ የሚያርፈው ክብደት 190 ኪሎን በቀላሉ ያልፋል። በዚያን ጊዜ የተሳሳተው ጎማው ሳይሆን ጫኙ ነው።

ብዙ ወጣቶች ሞተራቸውን ለማሳመር ሲሉ ከታዘዘው ልክ የሚሰፋ የኋላ ጎማ ያስገጥማሉ። በርግጥ ከኋላ ሲታይ ደረቱን የነፋ ይመስላል። ነገር ግን ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ጎንና ጎኑ ተጨምቆ መካከሉ ወደ ላይ ይሾላል፤ መሬቱን የሚነካው ቦታ በመስፋት ፈንታ ይጠባል፤ መካከሉም ቶሎ ያልቃል። አንዳንዱ ካቴናውን ወይም የእግሩን መያዣ ብረት እየፋቀ ይሄዳል። ጎማው ከፍ ባለ መጠንም ማርሹ እንደ ረዘመ ያህል ስለሚሆን ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል። ኋላው ከፍ ሲል የፊቱ ሹካ ቀጥ ስለሚል መሪው ይቀልላል፤ ይቅበጠበጣልም። ትልቅ ጎማ ፊት ላይ ቢደረግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የፍጥነቱ ቆጣሪ የሚዞረው ከፊተኛው እግር ስለ ሆነ፤ ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ትክክለኛው ልክ በሞተሩ መጽሐፍ ውስጥ ወይም በሞተሩ አካል ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከዚያ መውጣት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የውስጥ አሠራር ነው። ባያስ የሚባለው ነባሩ ጎማ በውስጡ ያሉት ክሮች በሰያፍ እየተጠላለፉ የተነባበሩ ስለ ሆኑ ጎኑ ጠንካራ ነው። የራዲያሉ ክሮች ግን ከዳር ወደ ዳር ቀጥ ብለው ስለሚሻገሩ ጎኑ ይለጠጣል፤ መሬት የሚነካው ፊቱ ግን ይጸናል። በራዲያል ጎማ ላይ በልኩ ቁጥሮች መካከል አር የሚለው የላቲን ፊደል ይገኛል፤ በባያሱ ላይ ግን ሰረዝ ወይም ቢ የሚለው ፊደል ነው። እነዚህ ሁለቱ በመታጠፊያ ላይ ጠባያቸው ስለሚለያይ አንዱ ሲታዘዝ ሌላው ይዘገያል፤ በፍጥነት ላይም ሞተሩ ሊወዛወዝ ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ካልፈቀደ በቀር አይደባለቁም። ፊቱን ባያስ ኋላውን ራዲያል አድርገው የሚያወጡ ፋብሪካዎች አሉ፤ ግልባጩን፤ ማለት ፊት ራዲያል ኋላ ባያስ ማድረግን ግን ጎማ ሠሪዎቹ ይከለክላሉ። ትንንሾቹ የአገራችን ሞተሮች በአብዛኛው ሁለቱም እግራቸው ባያስ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ችግሩ የሚያገኘው ባለ ትልልቅ ሞተሮችን ነው።

ለሁላችንም የሚደርሰው የጥርስ ጉዳይ ነው። ክረምት ሲገባ የመረሬው ጭቃ ያስቸገረው የገጠር ነጂ ጥርሱ የረዘመ ጎማ ገዝቶ ኋላ ላይ ያስገጥማል፤ የፊቱን ለአስፋልት የተሠራውን ለስላሳ ጎማ እንዳለ ይተወዋል። ሞተሩ አሁን ጭቃውን እየቆነጠጠ በኀይል ይገፋል፤ የሚገፋው ግን ምንም መያዣ የሌለውን የፊት እግር ነው። መኪና በቀደደው ቦይ ውስጥ ሲገባ መሪውን ወደ ቀኝ ቢያዞሩት የፊቱ እግር እየተንሸራተተ ወደ ፊት ይቀጥላል። ገንዘብ ለአንድ ጥርሰ ረጅም ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለቱንም መካከለኛ አድርጎ መግዛት ይመረጣል። በአንጻሩም ጥርሰ ረጅሙን ጥንድ ገጥሞ ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው፤ ጥርሶቹ እየተጣጠፉ ስለሚያዳልጡት፤ በተለይ አስፋልቱ በረጠበ ጊዜ፤ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ሊፈልግ እንደሚችል ይወቅ።

አሮጌና አዲስ ማጣመርም ጥንቃቄ ይሻል። ለረጅም ጊዜ በቀጥታ መንገድ የተነዳ የኋላ ጎማ መካከሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚህ ላይ ክብ የሆነ አዲስ ጎማ ፊት ቢገጠም፤ መታጠፊያ ላይ ፊቱ ቶሎ ይወድቃል፤ ኋላው በጠፍጣፋው ጠርዝ ላይ እንደ ደረጃ ይቆምና እንቢ ይላል። ነጂው ሞተሩ ሁለት ሐሳብ ያለው ይመስለዋል። በሌላ በኩል ፊተኛው ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ብቻ ሊደርቅ ይችላል። ደረቅ ጎማ እንደ ቀንድ ጠንክሮ እርጥብ አስፋልት ላይ ይሸሻል። ዕድሜውን ለማወቅ በጎማው ጎን የተቀረጹትን አራት ቁጥሮች ይፈልጉ፤ 3519 ቢል በ2019 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አምስት ዓመት ያለፈውን በየዓመቱ ማስመርመር፤ አሥር የሞላውን ጥርሱ ቢኖርም መጣል ይገባል። በሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲበላው የከረመውን «አዲስ ነው» ቢሉዎት፤ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ያንብቡ፤ በጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች እንዳሉም ይመልከቱ። ያለቀ ጎማ በጋለ ብረት ጥርስ ተቀርጾለት የሚሸጠውንስ ለፊትም ለኋላም አያቅርቡት።

ጎሚስታው ዘንድ ሲደርሱ የሚታየው ነገር ቀስቱ ነው። በጎማው ጎን ላይ የመዞሪያውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ለፊትም ለኋላም የሚሆን ጎማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀስቶች ይኖሩታል፤ የሚያስገርመውም የፊቱና የኋላው ቀስት ተቃራኒ መሆናቸው ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም፤ በኋለኛው ጎማ ላይ ትልቁ ኀይል የሚመጣው ሞተሩ ሲገፋ ነው፤ በፊተኛው ላይ ግን ፍሬን ሲያዝ ነው፤ ሁለቱም ኀይሎች ጎማውን የሚስቡት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። ጎማው ሲሠራ የላስቲኩ ጫፎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ስለሚጣበቁ፤ ኀይሉ መጋጠሚያውን የሚያስተኛ እንጂ የሚልጥ እንዳይሆን አቅጣጫው ይጠበቃል። እንግዲህ የኋላውን ወደ ፊት ማዛወር የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ቀስቱን ሳይመለከቱ አይሆንም። ጎማው አዲስ ሲሆን የውስጡም ከመነዳሪ አዲስና በልኩ የሆነ ይሁን፤ ስንት ጊዜ የተለጠፈ ከመነዳሪ በአዲስ ጎማ ውስጥ ማስገባት ቁጠባ አይባልም።

የአየሩም መጠን እንደ ጎማው ለሁለቱ ይለያያል። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ፊቱ 25፤ ኋላው 28፤ ሰው ሲፈናጠጥ ኋላው 32 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው፤ የራስዎን ከሞተሩ መጽሐፍ ይመልከቱ። የሚለካው ጧት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሰው አንድ ነገር እንጨምር። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ሰመራ የሚወርድ ሰው ከ2 ሺህ 400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወርዳል፤ የቆላው አየር ከውጭ ስለሚጫን መለኪያው ከ3 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ቀንሶ ሊያሳይ ይገባው ነበር፤ የቆላው ሙቀት ግን በጎማው ውስጥ ያለውን አየር ስለሚያሰፋው ከዚሁ ብዙውን መልሶ ይተካል። ስለዚህ በመንገድ ላይ እየቆሙ መንፋትና ማስተንፈስ ትርፉ ድካም ነው፤ ባደሩበት ቦታ በማግስቱ ጧት መለካት ይበቃል።

አዲስ ጥንድ ገጥመው ሲወጡ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬኑን በቀስታ ይያዙ፤ መታጠፊያውንም ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይዘንበሉ። ከፋብሪካ የወጣ ጎማ ፊቱ ለስላሳና አዳላጭ ስለ ሆነ መሬቱን አጥብቆ የሚይዘው ላዩ ትንሽ ከተፋቀ በኋላ ነው። ዝናብ ባለበት ቀን ባያስለውጡ መልካም ነው፤ የግድ ከሆነም ከጎሚስታው ደጃፍ እስከ ቤትዎ ያለውን መንገድ ሞተር መንዳት ገና እንደሚማር ሰው ሆነው ይሂዱ።