ደመወዝ፦ በስምምነት

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ስናወጣ ደመወዝ በሚለው ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «በስምምነት» ብለን እናልፋለን። በቅርቡ ከሰመራ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ሎጊያ መጥቶ ፊቴ ሲቀመጥ ግን ስምምነት የሚባል ነገር የለም። «ስንት ትጠብቃለህ?» ስለው «እንደ ድርጅቱ አሠራር» ይለኛል። በአገራችን ለግል ድርጅቶች በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እስካሁን ስለሌለ፣ ያቺ አንድ መልስ ገቢውን ለዓመታት ልትወስን ትችላለች።

በጣም የሚያሳስቡኝ ሥራ የሚችሉት ዝምተኞች ናቸው። ሎጊያ በአፋር ክልል የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት። ሹፌሩ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ፣ በዚያ ሙቀት ላይ ወረቀት ጠብቅ ሲባል ይቆጣል። ጭነት ክትትል ላይ የተቀጠረች አንዲት ልጅ አንድ ቀን ሹፌር ጠረጴዛዋን እየደበደበ ሲጮህባት እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ «ጋሼ፣ ወረቀቱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይደርስም። ፀሐይ ላይ አይቁሙ፣ ምሳዎን ይብሉ፤ ሲደርስ እኔ እደውልልዎታለሁ» አለችው። ደወለችለትም። አብሯት የተቀጠረው ልጅ በመመረቂያ ውጤቱ ይበልጣታል፤ ሹፌር ሲጮህ ግን አብሮ ይጮሃል። የሙከራ ጊዜያቸው ሲያልቅ ጭማሪ የጠየቀው እሱ ነው፤ ያገኘውም እሱ ብቻ ነው።

ነገሩ የሎጊያ ብቻ አይደለም። ቲሞቲ ጃጅና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚስማሙ ሠራተኞች ከተከራካሪዎቹ ያነሰ ይከፈላቸዋል፤ ልዩነቱም በወንዶች ላይ ይሰፋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አለቃን ስለ ገንዘብ ማናገር ድፍረት ስለሚመስል ጨዋው ጭራሽ አፉን አይከፍትም።

የአፋር ልጆች ግን ሰውን አዳምጦ የማረጋጋት ችሎታ ይዘው ነው የሚመጡት። ዳጉ በሚባለው ባህላዊ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ረጋ ብሎ ያዳምጣል፣ ጠይቆ ያጣራል፣ የሰማውንም ሳያዛባ ለሌላው ያደርሳል። በዚህ ያደገ ወጣት ከአርብቶ አደሩ ጋር በአፋርኛ፣ ከሹፌሩ ጋር በአማርኛ ተነጋግሮ ጠብ ሲያበርድ በየጊዜው አያለሁ። የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጻችን ላይ ግን ሰዓት ማክበርና ሪፖርት ማቅረብ እንጂ ይህ ነጥብ የለውም። ነጥብ ያልተሰጠው ነገር ጭማሪ ሲታሰብ ማን ያስታውሰዋል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አሠሪዎች ሆይ፣ ያ ቀን ሲደርስ የጠየቀውንም ያልጠየቀውንም እኩል ጠርታችሁ ደመወዙን ከሥራው ጋር አስተያዩ። ቋንቋውና ሰው አያያዙ የመመዘኛ ነጥብ ይኑረው። እናንተም ጀማሪዎች፣ ያበረዳችሁትን ጠብና ያስመለሳችሁትን ደንበኛ በቀኑ መዝግባችሁ ያዙ። ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ግቡና ጭማሪ ጠይቁ።