የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል?



የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር በሚደረግበት ምሽት የተመልካች ዓይን ሁሉ የሚያርፈው በመላሾቹ ላይ ነው። ፈጥኖ የመለሰ ይጨበጨብለታል፤ የተሳሳተ ይሣቅበታል። ጥያቄውን ያዘጋጀው ሰው ግን ከመጋረጃ በስተኋላ ስለሚቀር ስለ ሥራው የሚያስብ የለም። እኔ በክፍላችን የውድድር ኮሚቴ ውስጥ ጥያቄ አዘጋጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ስለ ሠራሁ፣ አንድ ጥያቄ ወደ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ምን ምን ፈተና ማለፍ እንዳለበት በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጥ አሰብሁ።

ተጠያይቆ መሸናነፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው «እንቆቅልህ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» እያሉ አድገዋል፤ መልሱ የጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሰዎች በመጠጥ ቤት በቡድን በቡድን ተቀምጠው በጥያቄና መልስ መወዳደር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እጅግ የተለመደ ሆኗል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ የእንቆቅልሹን መልስ የሚያጸድቀው ጠያቂው ራሱ ስለ ሆነ ብዙ ክርክር የለበትም። የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ መልስ ግን በጠያቂው እጅ ያለ ሳይሆን በዓለም ላይ ያለ እውነት ነው፤ ስለዚህ ጠያቂውም ሊረታ ይችላል።

እንዲህ ያለው ክርክር ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሰር ሂው ቢቨር በአየርላንድ ለአደን ወጥተው ሳሉ፣ ከሚታደኑት የአውሮፓ ወፎች ሁሉ በፍጥነት የሚበልጠው የትኛው ነው በሚል ነገር ክርክር ተነሣ። ሰር ሂው መልሱን በመጽሐፍ ፈልገው አጡት። በየመጠጥ ቤቱም ይህን የመሰለ ክርክር በየማታው እንደሚነሣ ስለ ተገነዘቡ፣ ነገሩን የሚቆርጥ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ አሰቡ፤ ሥራውም ኖሪስና ሮስ ማክዊርተር ለተባሉ መንታ ወንድማማች ተሰጠ። የመጀመሪያው እትም በ1955 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው የጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ የተወለደው እንግዲህ መልስ ካጣ አንድ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ፈተና እንመለስ።

የመጀመሪያው ፈተና የዘመን አቆጣጠር ነው። «የዓድዋ ድል የተገኘው በስንት ዓመት ነው?» የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው። ከእንቁጣጣሽ እስከ አውሮፓውያን አዲስ ዓመት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ስለ ሆነ፣ አቆጣጠሩን ያልነገረ ጠያቂ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ጠይቋል ማለት ነው።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ በእንግድነት በተመለከትሁት ውድድር ይኸው ጥያቄ ቀርቦ አንዲት ተማሪ «1896» ብላ መለሰች። በዳኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው 1888 ብቻ ስለ ነበረ «ስሕተት» ተባለች፤ ነጥቡም ለሌላው ቡድን ሆነ። ልጅቱ ለማስረዳት ቆማ ነበር፤ ነገር ግን «ጊዜ የለም» ተብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ድረስ እጅዋን አላነሣችም። አንድ ነጥብ መጥፋቱ ያን ያህል አያሳዝንም፤ የሚያሳዝነው ያወቀ ሰው በማወቁ ማፈሩ ነው። ውድድር የሚደረገው ተማሪ ዕውቀትን እንዲወድ ከሆነ፣ በደንብ ያልታሰበ አንድ ጥያቄ የብዙ ቀን ትምህርት ያፈርሳል።

ሁለተኛው ፈተና የመለኪያው ነገር ነው። «ከዓለም ተራራዎች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ቢባል ሁላችንም ኤቨረስት እንላለን። ይህ እውነት የሚሆነው ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ሲለካ ነው፤ ኔፓልና ቻይና በ2020 እ.ኤ.አ. ባስታወቁት መሠረት 8,848.86 ሜትር ነው። ከሥሩ እስከ ጫፉ እንለካ ካልን ግን በሐዋይ ደሴት ያለው ማውና ኬያ ይበልጠዋል፤ ከባሕር በላይ የሚታየው 4,207 ሜትር ብቻ ቢሆንም፣ በውሃ ውስጥ ካለው ሥሩ ጀምሮ ሲለካ ከ9,000 ሜትር ያልፋል። ከምድር እምብርት እንለካ ካልን ደግሞ አሸናፊው በኤኳዶር ያለው ቺምቦራዞ ነው። ምድር በመሽከርከርዋ ምክንያት በምድር ወገብ አካባቢ ወደ ውጭ ያበጠች ስለ ሆነች፣ በዚያ አጠገብ ያለው ቺምቦራዞ ቁመቱ 6,263 ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ጫፉ ከኤቨረስት ጫፍ ይልቅ ከምድር እምብርት በ2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ከባሕር ወለል በላይ» የሚሉ ቃላት ቢጨመሩ ኖሮ መልሱ አንድ ብቻ በሆነ ነበር።

ሦስተኛው ፈተና የጊዜ መለወጥ ነው። ዕውቀትም እንደ እንጀራ ይሻግታል። ወላጆቻችን ፀሐይን የሚዞሩ ፕላኔቶች 9 ናቸው ብለው ተምረዋል፤ በጊዜው ትክክል ነበሩ። በ1930 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፕሉቶ ግን በ2006 የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ማኅበር በፕራግ ባደረገው ስብሰባ ከፕላኔቶች ተራ ስለ ወጣ ዛሬ የምንቆጥረው 8 ነው። እንዲሁም ደቡብ ሱዳን በ2011 እ.ኤ.አ. ነፃ ከወጣች ወዲህ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆኑት የአፍሪካ አገሮች 54 ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ኅብረት ግን 55 አባላት አሉት። ስለዚህ «በአፍሪካ ስንት አገሮች አሉ?» ከማለት የየትኛው ድርጅት አባላት እንደሆኑ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል። በአሮጌ መጽሐፍ የተገኘ መልስም በአዲስ መጽሐፍ ሳይመሳከር ወደ ውድድር መግባት የለበትም።

አራተኛው ፈተና ወሬ ነው። ብዙ ሰው ስለ ደጋገመው ብቻ እውነት የሚመስል ነገር አለ። የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ላይ ይታያል ይባላል። ግንቡ ረጅም ይሁን እንጂ ጠባብ ነው፤ ቀለሙም ከአካባቢው መሬት ጋር ስለሚመሳሰል ከዚያ ርቀት በዓይን አይለይም። በ2003 እ.ኤ.አ. ከቻይና የመጀመሪያው የጠፈር ተጓዥ የሆነው ያንግ ሊዌይ እንኳ፣ ከጨረቃ ይልቅ እጅግ በቀረበ ምሕዋር ላይ ሆኖ ግንቡን እንዳላየው ተናግሯል። ደግሞም «ከፕላኔቶች ሁሉ የሚሞቀው የትኛው ነው?» ሲባል ብዙዎች ለፀሐይ የቀረበው ሜርኩሪ ነው ይላሉ። መልሱ ግን ቬኑስ ነው፤ ወፍራሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሩ ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ስለሚያስቀር ወደ 465 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እኔ እወደዋለሁ፤ መልሱ ምክንያት አለውና ተሸናፊውም አንድ ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከዚህ ቀጥሎ እነዚህን ፈተናዎች ያለፉ አራት ጥያቄዎችን ለልምምድ ያህል ከነመልሳቸው አቀርባለሁ። መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ራሳችሁን ፈትኑ።

ሀ. አበበ ቢቂላ በሮማ ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየትኛው ቀን ነው?
መልስ፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለት ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበረ። የፈጀበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው።

ለ. ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን ነው?
መልስ፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ። በማቴዎስ፣ በማርቆስና በዮሐንስ ዘመን 5 ቀን ናት።

ሐ. ጁን 26 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የፈረሙት አገሮች ስንት ናቸው?
መልስ፤ 50 ናቸው፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ፖላንድ ዘግይታ ስለ ፈረመች መሥራች አባላት የሚባሉት ግን 51 ናቸው። ጥያቄው ቀኑን ባይናገር ኖሮ እንደገና ክርክር ይነሣ ነበር።

መ. ወደ ጣና ሐይቅ የሚገባው ግልገል ዓባይ የሚመነጨው ከወዴት ነው?
መልስ፤ በጎጃም በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ከሚባለው ስፍራ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው ደግሞ በባሕር ዳር አጠገብ ነው።

በመጨረሻ ለሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ ከተገኘበት መጽሐፍ ስም ጋር ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ያላዘጋጀ ሌላ ሰው ከውድድሩ በፊት አንብቦ ሁለተኛ መልስ ይፈልግበት። ሦስተኛ፣ ተወዳዳሪው «መልሴ ትክክል ነው» ብሎ ሲቆም አንድ ደቂቃ ተሰጥቶት ይሰማ፤ ዳኛው ቢረታ ክብሩ አይቀንስም። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል፤ አጣርቶ የጠየቀ ግን ራሱም ይማራል፣ ሌላውንም ያስተምራል።